የተጣበቁ የባክሆ ሎደር መገጣጠሚያዎችን ማላቀቅና መልሶ መግጠም

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የተግባር ስልጠና ጽሁፍ

መግቢያ

ያገለገለ ባክሆ ሎደር በግልዎ ወይም ከሌሎች አርሶ አደሮች ጋር ገንዘብ አዋጥተው ከገዙ፣ ማሽኑን የሚፈልጉት በዋናነት ለበጋ ሥራ ነው። ኩሬ ይቆፍራል፣ የመስኖ ቦይ ያወጣል፣ ድንጋይና ኮምፖስት ይጭናል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ክረምት እስኪገባ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በእነዚህ ወራት ማሽኑ ሁለት ሳምንት ከቆመ ኩሬው በግማሽ ቀርቶ ዝናቡ ይደርሳል፤ የዓመቱ ውሃም ሳይያዝ ይሄዳል።

ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም ሙሉ ሆኖ ማሽኑን ከሚያቆሙት ብልሽቶች አንዱ የክንዱ መገጣጠሚያዎች መድረቅና መጣበቅ ነው። ብልሽቱ ከቀላል ነገር ይጀምራል። በወቅቱ ግራሶ ቢሰጠው በጥቂት ብር የሚያልፈው ችግር ሲዘገይ ክንዱን ራሱን ይበላና ወደ ትልቅ ጋራዥ ያስጉዛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተጣበቀውን ለማላቀቅ በችኮላ የሚደረገው ድብደባ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሁፍ የተጣበቀ መገጣጠሚያን እንዴት እንደሚለዩ፣ ሰውም ብረትም ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያላቅቁ፣ መልሰውም እንዴት እንደሚገጥሙ እናያለን። ሞተርና የሃይድሮሊክ ፓምፕ በሌላ ስልጠና የሚታዩ ናቸው።

1. መገጣጠሚያው እንዴት ይሠራል?

የመቆፈሪያው ክንድ እንደ ሰው ክንድ ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ አለው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሁለት የብረት ጆሮዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ በመሃላቸው ደግሞ የሌላው ክንድ ጫፍ የሆነ ወፍራም ቀለበት ይገባል። ሦስቱንም አቋርጦ የሚያያይዛቸው ክብ ብረት ፒን ይባላል። በቀለበቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚገባው፣ ፒኑ የሚያርፍበት ቱቦ መሰል ብረት ደግሞ ቡሽ ነው። በባክሆ ሎደር ላይ የፒኑ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሚሊሜትር ይደርሳል።

አሠራሩን በደንብ ልብ ይበሉ፤ የቀረው ትምህርት ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። ፒኑ ከጆሮዎቹ ጋር በብሎን ታስሮ መቆም አለበት። የሚዞረው ቀለበቱና በውስጡ ያለው ቡሽ ነው። በፒኑና በቡሹ መካከል ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ክፍተት አለ፤ ግራሶው የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ሲደርቅና ሲዝግ ቡሹ ፒኑን ይነክሰዋል። የሃይድሮሊኩ ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ክንዱ በዚህ አይቆምም። ፒኑን ጠምዝዞ ማሰሪያ ብሎኑን ይቆርጥና ፒኑ በጆሮዎቹ ውስጥ መዞር ይጀምራል። በጆሮዎቹ ውስጥ ደግሞ ቡሽም ግራሶም የለም። ብረት ብረትን ይበላል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንደ እንቁላል ይሆናል። ቡሽ በርካሽ ይለወጣል፤ ፒን በቶርኖ ቤት ይሠራል። የክንዱ ጆሮ ከተበላ ግን በብየዳ ሞልቶ በልዩ መሣሪያ እንደገና መብሳት ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ ባለሙያም በየወረዳው አይገኝም።

2. ለምን ይጣበቃል?

ዋናው ምክንያት ግራሶ ማጣት ነው። ነገር ግን ባለንብረቱ ግራሶ እሰጣለሁ እያለ የሚጣበቅበትም ጊዜ አለ። የግራሶ መቀበያው ኒፕል ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ በአፈር ከተደፈነች ግራሶው በጎን ተመልሶ ይፈስሳል፤ ሠራተኛው ግን ፓምፑን አሥር ጊዜ ስለተጫነ የሰጠ ይመስለዋል። በዋልካ አፈር ላይ የሚሠራ ማሽን ይህ ችግር ይበዛበታል፤ ጭቃው ኒፕሉን ሸፍኖ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። በውሃ ውስጥ ከቆፈሩ በኋላ ግራሶ ሳይሰጡ ማሳደርም እንዲሁ ነው።

ሌላው ምክንያት ማሽኑን ክረምቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ሜዳ ላይ ማቆም ነው። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ዝገቱ እያበጠ ፒኑንና ቡሹን ያጣብቃቸዋል። በሐምሌ ያቆሙት ማሽን በኅዳር አልታጠፍ ቢልዎ ምክንያቱ ይህ ነው።

ገና ያልገዙ ከሆነ ማሽኑን ሲያዩ አዲስ ቀለም አይማርክዎ። ኒፕሎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ቀለም የተቀባ ኒፕል ከቀለሙ ወዲህ ግራሶ አልወሰደም ማለት ነው። የፒን ማሰሪያ ብሎኖችም በቦታቸው መኖራቸውን ያረጋግጡ። በአንድ የተግባር ስልጠና ላይ የቀረበ ማሽን አራት ፒኖቹ ከጆሯቸው ጋር በብየዳ ተያይዘው አይተናል። ሻጩ «የተጠናከረ ነው» ብሎ ነበር የሸጠው። የተበየደ ፒን ግን ጥንካሬ አይደለም፤ ቀዳዳው መበላቱን ለመደበቅ የተደረገ ነው። ዋጋ ሲነጋገሩ ይህን ይቁጠሩት።

3. የትኛው መገጣጠሚያ እንደተጣበቀ መለየት

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ክንዱ ሲታጠፍ ይጮሃል፤ በለስላሳ ፈንታ እየዘለለ ይሄዳል፤ ከመገጣጠሚያው ዳር ቀይ የዝገት ዱቄት ይወጣል፤ ማሰሪያ ብሎኑ ይቆረጣል ወይም ይጣመማል፤ ግራሶ ሲሰጥ በሁለቱም ዳር መውጣት ሲገባው አይወጣም።

በእርግጠኝነት ለመለየት ነጭ ጠመኔ ይበቃል። ማሽኑ ቆሞ ሳለ ከፒኑ ጫፍ ጀምረው እስከ ጆሮው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። በሁሉም መገጣጠሚያዎች ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ሰዎች ሁሉ ከክንዱ መድረሻ ውጭ ሆነው ኦፕሬተሩ ክንዱን በዝግታ አንድ ሁለት ጊዜ ያጥፍና ይዘርጋ። ማሽኑ መሬት ላይ አርፎ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቀርበው መስመሩን ይመልከቱ። መስመሩ ሳይቆረጥ ካለ ፒኑ በቦታው ቆሟል፤ ደህና ነው። መስመሩ ከተቆረጠ፣ ማለትም የፒኑ ግማሽ ወዲያ የጆሮው ግማሽ ወዲህ ከሆነ፣ ፒኑ ከቀለበቱ ጋር ተጣብቆ በጆሮው ውስጥ እየዞረ ነው። በዚህ መገጣጠሚያ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቁፋሮ መቆም አለበት። «ይችን ቦይ ልጨርስ» ማለት ጆሮውን ማስበላት ነው።

4. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ማሽኑን ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። የፊቱንም የኋላውንም ባኬት መሬት ላይ ያሳርፉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ለጎማዎቹ ታኮ ያድርጉ። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ መቆጣጠሪያ ሌቫዎቹን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ታምቆ የቀረው ግፊት የሚወጣው በዚህ ነው። ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ውስጥ ይያዙ።

የመቆፈሪያው ባኬት ብቻውን ከአንድ ኩንታል በላይ ይመዝናል። ፒኑ ሲወጣ ባኬቱም፣ ሲሊንደሩም፣ ማያያዣ ብረቶቹም እያንዳንዳቸው በየአቅጣጫው ይወድቃሉ። ስለዚህ ፒን ከመንካትዎ በፊት ከሥር ጠንካራ የእንጨት ግንድ ይደግፉ፤ የሚንጠለጠለውን በሰንሰለት ይሰሩ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ ብረት ሥር እጅም እግርም አይገባም።

የፒኑ ላይኛ ቆዳ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ የመዶሻም ፊት እንዲሁ። ጠንካራ ብረት ጠንካራ ብረትን ሲመታ እንደ ጥይት የሚበር ስንጣሪ ያወጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር የሌለው ሰው፣ ተመልካችም ቢሆን፣ አጠገብ አይቁም። ሕጻናትን ያርቁ። የሃይድሮሊክ ቱቦ ሲያፈስ ካዩ ቀዳዳውን በእጅዎ አይፈልጉ፤ በካርቶን ይፈልጉ። በግፊት የወጣ ዘይት ወይም ግራሶ ቆዳ ከበሳ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። እስኪያብጥ የጠበቀ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

5. መጀመሪያ በግራሶ ይሞክሩ

ብዙ ሰው መዶሻ የሚያነሳው ግራሶውን በትክክል ሳይሞክር ነው። ፒኑ በጆሮው ውስጥ መዞር ካልጀመረ ብዙ መገጣጠሚያዎች በዚህ ደረጃ ይለቃሉ።

ኒፕሉን በናፍታና በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ፓምፑን ገጥመው ይሞክሩ። ካልወሰደ ኒፕሉን ፈተው ብቻውን ፓምፑ ላይ ይሞክሩት። ለብቻው ካላሳለፈ የተደፈነው ኒፕሉ ነው፤ ለውጠው ይጨርሱ። ኒፕሉ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን መንገዱ ተዘግቷል። በቀዳዳው ውስጥ ሽቦ አስገብተው የደረቀውን ግራሶ ይፈርፍሩ፤ ጥልቀቱ የሚፈቅድ ከሆነ ከቀዳዳው የቀጠነ መብሻ በእጅ እያዞሩ ያውጡ። ከዚያ ቀዳዳውን የዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ሞልተው ኒፕሉን ይመልሱና በግራሶ ፓምፑ ከኋላ ይግፉት። የእጅ ግራሶ ፓምፕ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ግፊት ስለሚሰጥ ፈሳሹን በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ያስገባዋል። ፈሳሹ በሱቅ ከሌለ ናፍታ ከቀጭን ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሠራል፤ ይዘገያል እንጂ።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ክንዱ ክብደቱን በፒኑ ላይ ካሳረፈ ክፍተቱ በአንድ ጎን ዜሮ ይሆናል፤ ግራሶም ፈሳሽም በዚያ ጎን አያልፍም። ባኬቱን ወይም ክንዱን በክሪክ ጥቂት ከፍ አድርገው ፒኑን ከጭነት ነጻ ያድርጉት፤ ከዚያ ይስጡ። ቀጥለው ክሪኩን ዝቅ አድርገው እንደገና ይስጡ። ጠዋትና ማታ እየደጋገሙ ሁለት ቀን ይጠብቁ። ትዕግሥት እዚህ ላይ ገንዘብ ነው።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማሰሪያ ብሎኑ በቦታው እያለ ኦፕሬተሩ ክንዱን በዝግታና በጥቂቱ፣ አንድ ጣት ያህል ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅስ። የጠመኔው መስመር ካልተቆረጠ ቀለበቱ መዞር ጀምሯል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍተው ግራሶ ይስጡ፤ እንቅስቃሴውን ያስፉ፤ ደግመው ይስጡ። በመጀመሪያ ቀይና ጥቁር ጭቃ ይወጣል። ንጹህ ግራሶ በሁለቱም ዳር እስኪወጣ ይቀጥሉ። መስመሩ ከተቆረጠ ግን ወዲያው ያቁሙ። ፒኑ መውጣት አለበት።

6. ፒኑን ማውጣት

ማሰሪያ ብሎኑን ይፍቱ። የፒኑን ቅርጽ ይመልከቱ፤ ብዙ ፒኖች በአንድ ጫፋቸው ላይ ጆሮ መሰል ጠፍጣፋ ብረት ስላላቸው የሚወጡት ወደዚያ ጎን ብቻ ነው። በተሳሳተው ጎን የሚደበድብ ሰው ጆሮውን ይሰብራል እንጂ ፒን አያወጣም።

ጭነት የተሸከመ ፒን ዝገት ባይኖረው እንኳ አይወጣም። ክሪኩን በጣም በትንሹ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ፒኑን በመምቻ ይሞክሩት። ድምጹ ይለወጣል፤ ጭነት ያለበት ፒን «ጥ» ብሎ ይደነድናል፣ ነጻ የሆነው ትንሽ ያስተጋባል። ይህን ያላወቀ ሰው በሦስት ሚሊሜትር የክሪክ ልዩነት ምክንያት ግማሽ ቀን መዶሻ ሲወረውር ይውላል።

በመዶሻ ሲመቱ ከፒኑ በጥቂቱ የቀጠነ የነሐስ ወይም የለስላሳ ብረት መምቻ በመካከል ያድርጉ። ከ10 እስከ 15 ከባድ ምት በኋላ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ያቁሙ። በተመታ ቁጥር የፒኑ ጫፍ እንደ እንጉዳይ እየሰፋ ስለሚሄድ በኋላ በቀዳዳው አያልፍም። የሰፋ ካለ በግራይንደር ያስተካክሉት።

ከመዶሻ ይልቅ የሚመከረው በክሪክ መግፋት ነው። ሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ ብረቶችና ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ከነዳዷቸው ያዘጋጁ። ፒኑ በሚወጣበት ጎን ከፒኑ የሚሰፋ ወፍራም ቱቦ በጆሮው ላይ ያስደግፉ፤ ከቱቦው በስተጀርባ አንደኛው ጠፍጣፋ ብረት ይቆማል። በሌላው ጎን 20 ቶን ክሪክ በፒኑ ጫፍና በሁለተኛው ጠፍጣፋ ብረት መካከል ይገባል። ዘንጎቹ ሁለቱን ጠፍጣፋ ብረቶች ግራና ቀኝ ያያይዛሉ። ክሪኩ ሲገፋ ጆሮው አይጣመምም፤ ኃይሉ በዘንጎቹ ዞሮ በቱቦው በኩል ያንኑ መገጣጠሚያ ይደገፋል። ዘንጎቹ 24 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ ጥንካሬያቸውም 8.8 የሆነ መሆን አለባቸው። ተራ የግንባታ ብረት በዚህ ኃይል ሊሳብ ወይም ሊበጠስ ይችላል። የጠርሙስ ክሪክ ተኝቶ ሲሠራ የፓምፑ ጎን ወደ ታች ይሁን፤ ካልሆነ አየር ስቦ አይገፋም።

ክሪኩ በሙሉ ኃይል ተወጥሮ እያለ ቀለበቱንና ጆሮውን በዙሪያው በመካከለኛ መዶሻ ቀለል አድርገው ይምቱ። ግፊቱና ንዝረቱ አብረው ሲሆኑ ዝገቱ ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ሳይለቅ ያድርና ጠዋት ሲመጡ ተንቀሳቅሶ ያገኙታል። ሲለቅ በድንገት ስለሚለቅ በፒኑ አቅጣጫ ማንም አይቁም።

7. በእሳት ማላቀቅ

ክሪክና ትዕግሥት ካልበቁ ሙቀት ይረዳል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ዙሪያው በ200 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.12 ሚሊሜትር ይሰፋል። ትንሽ ቢመስልም የመገጣጠሚያው ክፍተት ራሱ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ጥቅም የሚኖረው ግን የሚሞቀው ውጭኛው ብረት ሆኖ ፒኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቆይ ነው። ፒኑን ካሞቁ እሱ ይሰፋና የባሰ ይጣበቃል።

እሳት ከመለኮስዎ በፊት ሦስት ነገር የግድ ነው። አንደኛ፣ ኒፕሉን ይፍቱ። በመገጣጠሚያው ውስጥ የታፈነ ግራሶ ሲፈላ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ሁለተኛ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦዎችን ያርቁ ወይም በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑ፤ የረጩትንም ፈሳሽ በደንብ ይጥረጉ። የተጣበቀው የሲሊንደሩ ጫፍ ከሆነ ሲሊንደሩ ዘይት እንደያዘ አያሙቁት፤ ይህ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ጭድና ሳር ካለበት ግቢ ማሽኑን ያውጡ፤ እሳት ማጥፊያ ወይም አሸዋ አጠገብ ያስቀምጡ። ቀለምና ግራሶ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ መጥፎ ስለሆነ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ።

እሳቱን በአንድ ነጥብ አያቁሙ፤ በዙሪያው እኩል ያዙሩት። ቀለሙ ተፍቆ የጸዳው ብረት ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ወደ 300 ዲግሪ ቀርቧል፤ ከዚያ አያሳልፉ። ቀይ እስኪሆን ማሞቅ የክንዱን ብረት ጥንካሬ ያበላሻል። እንደሞቀ በክሪክ ይግፉ። ካልወጣ በራሱ ይቀዝቅዝ እንጂ ውሃ አይድፉበት፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። መስፋትና መኮማተሩ ራሱ ዝገቱን ስለሚሰብር ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ጥሩ ነው።

ንብ ለሚያረቡ አርሶ አደሮች አንድ ዘዴ አለ። የንብ ሰም በ65 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ብረቱ ሰሙን ሳያጨስ የሚያቀልጥበት ሙቀት ላይ ሲደርስ የሰም ቁራጭ በፒኑ ዳር ያስነኩ። የቀለጠው ሰም በራሱ ወደ ክፍተቱ ይሳባል። ዘይት የማይደርስበት ይደርሳል፤ ሲንቀሳቀስም ያለሰልሳል። የድሮ መካኒኮች በሻማ ያደርጉት ነበር፤ ከቀፎ የወጣው ግን ይሻላል እንላለን።

8. አልወጣ ካለ ፒኑን መሰዋት

አንድ ነገር መበላሸቱ ካልቀረ ፒኑ ይበላሽ፤ ቀጥሎ ቡሹ። የክንዱ ጆሮ ግን አይነካ። በጆሮውና በቀለበቱ መካከል ክፍተት ካለ በዚያ በኩል ፒኑን በቀጭን የግራይንደር ዲስክ መቁረጥ ይቻላል። የፒኑ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ሰጌቶ ያንሸራትታል፤ ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ ግን ሰጌቶም ይበላዋል። ዲስኩን በጠባብ ቦታ አያጣምሙት፤ ይሰበርና ይበርራል። ፒኑ በሁለት ቦታ ከተቆረጠ በኋላ ባኬቱ ይወርዳል፤ ቁርጥራጮቹም እያንዳንዳቸው በቀላሉ ይገፋሉ።

9. ቡሹን ማውጣትና መለካት

የቀረው ቡሽ በቀለበቱ ውስጥ ነው። የሰጌቶውን ምላጭ ፈትተው በቡሹ ውስጥ አሳልፈው መልሰው በመግጠም ከውስጥ ወደ ውጭ በርዝመቱ ይቁረጡት። ቀለበቱን ከመንካትዎ በፊት ያቁሙ፤ የቀረችው ስስ ብረት በመሮ ትሰነጠቃለች። ምላጩን የሚያንሸራትት ጠንካራ ቡሽ ከሆነ በያጅ በቡሹ ውስጥ በርዝመቱ ሁለት ሦስት የብየዳ መስመር ይሥራ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ቡሹን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ በቀላል ምት ይወድቃል። ከመበየድ በፊት የባትሪውን ገመዶች ይፍቱ። የብየዳው መሬት ገመድም እዚያው ቀለበት ላይ ይታሰር እንጂ ሌላ ቦታ አይሁን፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በሌሎች ፒኖችና ኩሽኔታዎች በኩል ያልፍና ያበላሻቸዋል።

ቀዳዳዎቹን በናፍታ አጥበው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። የጆሮዎቹን ቀዳዳ በካሊፐር በቁመትና በወርድ ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች ጎልቶ የሚታይ ልዩነት ካላቸው ቀዳዳው እንቁላል ሆኗል፤ አዲስ ፒን ቢገቡበት በአጭር ጊዜ ይፈታል። ይህን ለመስመር ብሳት ባለሙያ ያሳዩ እንጂ በእጅ ብየዳ ሞልተው በሞረድ አያስተካክሉ። አሮጌውን ፒን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለው አይመለስም። ቶርኖ ቤት ሲያሠሩ ብረቱ ተራ ለስላሳ ብረት እንዳይሆን፣ ላይኛው ቆዳም በሙቀት እንዲጠነክር ይጠይቁ።

10. መልሶ መግጠም

አዲሱ ቡሽ ከቀዳዳው በጥቂት የሚሊሜትር መቶኛ ስለሚበልጥ ተጠቅጥቆ ነው የሚገባው። ማቀዝቀዣ ባለው ቤት ወይም ሱቅ ማታ በበረዶ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጡት። 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቡሽ ከ25 ዲግሪ ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ወደ 0.03 ሚሊሜትር ይጠባል፤ ይህ ብዙ ድብደባ ያስቀራል። ከማውጣትዎ በፊት ሁሉንም ያዘጋጁ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል። በዚያው በክሪኩ መሣሪያ ቀጥ አድርገው ይግፉት።

ከሁሉ በላይ የቡሹ የግራሶ ቀዳዳ ከቀለበቱ የግራሶ መንገድ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ከመግፋትዎ በፊት በሁለቱም ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ተሳስቶ የገባ ቡሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደረቅ ነው፤ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከገባ በኋላ ፒኑ በእጅ ግፊት ማለፉን ይሞክሩ። ጎሚኒ ካለው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይዙር፤ አሮጌ ግራሶ እንዲወጣ፣ አፈር እንዳይገባ የሚያደርገው ይህ ነው። የጎን ክፍተቱን በሮንደላ ይሙሉ። ፒኑን ግራሶ ቀብተው ያስገቡ፣ ብሎኑን ይሰሩ። ቀዳዳዎቹ መገጠማቸውን ለማየት ጣት አያስገቡ፤ ክንዱ በጥቂቱ ቢንሸራተት ጣት ይቆርጣል። በባትሪ ያዩ ወይም በቀጭን ብረት ይዳስሱ።

ለእነዚህ መገጣጠሚያዎች በሊቲየም የተሠራ ቁጥር 2 ግራሶ፣ ቢቻል ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁሩ፣ ይመረጣል። የተለያየ ዓይነት ግራሶ አይቀላቅሉ፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ቀጥነው ይፈስሳሉ። በየ10 የሥራ ሰዓቱ ወይም በየቀኑ፣ በውሃና በጭቃ ሲሠራ በቀን ሁለት ጊዜ ይስጡ። ማታ፣ ብረቱ እንደሞቀ መስጠት ከጠዋት ይሻላል፤ በቀኑ የገባው ውሃ ሳያድር ይወጣል።

አዲስ የተገጠመ መገጣጠሚያ ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ሥራ በኋላ እንደገና ይታያል። የጠመኔውን መስመር አስምረው ይሞክሩ፣ ማሰሪያ ብሎኑን ያጥብቁ፣ በእጅዎ ጀርባ ሙቀቱን ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ። ከሌሎቹ ጎልቶ የሚሞቅ ከሆነ ግራሶው እየደረሰ አይደለም፤ ኒፕሉን ፈተው መንገዱን ይፈትሹ። ክረምት ሲገባም ማሽኑን በሁሉም ነጥብ ግራሶ ሰጥተው ያቁሙት፤ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን አስነስተው ክንዱን ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ ያጥፉትና ይዘርጉት። ከዚያ ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፈው፣ ከሲሊንደሮቹ ውጭ የቀረውን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ግራሶ ቀብተው ይተዉት።